ልጁ ሰነፍ ነው ከማለታችን በፊት

ማታ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቴሌቪዥን ሲመለከት ከመሣሪያው ሥር ካልተቀመጠ የማይሆንለት ልጅ በቤታችሁ አለ? ወይስ ከጓዳ ሆናችሁ ስትጠሩት የማይሰማ፣ ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ስትናገሩት ግን ወዲያው የሚታዘዝ? ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ልጅ አንድ ጊዜ «ዓይንህ ይጠፋል፤ ራቅ በል!» ብለን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ይኸ ልጅ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ለመደ» ብለን እናልፈዋለን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትምህርት ቤቱ የውጤት ካርድ ሌላ ስም ይዞለት ይመጣል፤ «ሰነፍ» የሚል።

ውድ አንባብያን፣ በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ወደ መማሪያ ክፍል ስለሚገቡ መሣሪያዎች ነው፤ ስለ ራዲዮው፣ ስለ ፕላዝማው፣ ስለ እጅ ስልኩ። ጉዳዩ የመሣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎች በተውነው ነበር። ነገር ግን መሣሪያው በተከፈተ ጊዜ ከልጆቹ መካከል ማን እንደ ሰማ፣ ማን እንዳየ፣ ማንስ ዝም ብሎ እንደ ተቀመጠ መጠየቅ የግድ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ደግሞ የመምህሩ ዕውቀት ብቻውን አይበቃም፤ የእናትም ዕውቀት ይጨመርበታል።

ስለዚህ ነገር ያወያየናቸው በመንዝ ደጋ የሚያስተምሩ አንዲት መምህርት ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ሥራ የጀመሩት በገጠር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ክረምት ክረምት እየተማሩ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተዛውረው ባዮሎጂ ያስተምራሉ። ከሃያ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዘዋል። ንግግራቸው ቀስ ያለ ነው፤ ጥያቄ ከጠየቁም በኋላ መልሱን በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ይህ ልማዳቸው ከየት እንደ መጣ ኋላ ገባን።

መንዝን ላላያችሁ ጥቂት እንበል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በር ሲደረስ የደሴውን አውራ ጎዳና ትቶ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ይገባል። ማማ፣ ላሎና ጌራ የሚባሉት የመንዝ ክፍሎች በዚሁ ደጋ ላይ ናቸው። ወደ ሰሜን ሲዘለቅ ግሼ ከነከተማዋ ራቤል፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ ጥልቅ የወንዝ ሸለቆዎችን ተሻግሮ መርሐ ቤቴ ከነከተማዋ ዓለም ከተማ ይገኛል። ደጋው በብዙ ቦታ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የአገሩ መለያ ገብስ፣ በግ፣ ጓሳ ሣርና ብርድ ነው። ሴቶቹ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ከዚያም ባና ይሠራል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ በሚወርድበት ጊዜ ጠዋት ክፍል የሚገባው ተማሪ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው። መምህሩም እንደዚያው። ይህን ብርድ ልብ በሉልን፤ ቆይተን እናነሣዋለን።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉት ብዙዎቹ ተማሪዎች ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ናቸው። በከተማው ሁለት ሦስት እየሆኑ አንድ ክፍል ቤት ይከራያሉ፤ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ወደ ቤተሰባቸው ሄደው ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ። አጨዳ በደረሰ ጊዜ፣ በጎቹን የሚጠብቅ ሰው በታጣ ጊዜ ሰኞም ማክሰኞም ሊቀሩ ይችላሉ። ሴት ልጅ ስትሆን ከዚህ ላይ የእናቷ ሥራ ይጨመራል። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የምታዩአቸው ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ቀን አሳልፈው የመጡ አይደሉም።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንሂድ። በአገራችን ትምህርት በመሣሪያ ሲሰጥ የዛሬው የመጀመሪያው አይደለም። በአዲስ አበባ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1958 ዓ.ም. ነው። ለአንደኛ ደረጃ ደግሞ የትምህርት በራዲዮ ለብዙ ዘመን ሲሰጥ ቆይቷል። ከእናንተ መካከል በራዲዮ ትምህርት ያደጋችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ መምህሩ ራዲዮውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ዜማው ይሰማል፣ ከዚያ ዝም ይባላል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ራዲዮ የራሱን ድርሻ አበርክቷል። በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው ያ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል። ልጅ አዝለው ፊደል የቆጠሩ እናቶች ዛሬ አያት ናቸው።

መምህርቷ ስለ ራዲዮው ሲያነሡ የሚያስታውሱት የባትሪ ድንጋዩን ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲሞቅ ለጥቂት ቀን ያገለግላል። ያለቀው ድንጋይ ደግሞ ተሰብሮ ጥቁር ዱቄቱ የክፍሉን ሰሌዳ ለማጥቆር ይውላል። ስለዚህ አንዱ መሣሪያ ሲሞት ሌላው ይታደስበት ነበር ይላሉ፣ ፈገግ እያሉ። ራዲዮው ግን አንድ ደግ ጠባይ ነበረው፤ ከስርጭቱ በፊትና በኋላ መምህሩ የሚያደርገው ነገር በመምሪያ መጽሐፍ ተጽፎለት ስለሚመጣ መምህሩ ከመድረኩ አይወርድም። ደግሞም ቋንቋው ልጁ ቤቱ የሚናገረው ነው።

ፕላዝማ የመጣው በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰፋፊ የቴሌቪዥን መስኮቶች በመላ አገሪቱ በሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና እንግሊዝኛ በሳተላይት አማካይነት ከአንድ ማዕከል ለሁሉም በአንድ ሰዓት ይተላለፍ ጀመር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ስርጭቱ ነበር። በክፍሉ ያለው መምህር መግቢያ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ፣ በመጨረሻም ለማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ ይደርሰዋል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው።

በዚህ ዓምድ መሣሪያን ለማማት አልተነሣንም። መምህርቷም ፕላዝማውን ሲያወሱ ከምስጋና ይጀምራሉ። በትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ አልነበረም። ማይክሮስኮፕ የሚባለውን ነገር ተማሪዎቹ ከመጽሐፍ ሥዕል በቀር አያውቁትም ነበር። በመስኮቱ ላይ ሕዋስ ሲከፈል፣ ልብ ሲመታ፣ ደም በሥር ውስጥ ሲሄድ ሲያዩ ክፍሉ በሙሉ በአድናቆት ዝም ይል እንደ ነበር ነግረውናል። እርሳቸው በጠመኔ ሲሥሉት የኖሩትን ልብ በሕይወት እያለ ማየታቸው ለተማሪዎቹ ቀርቶ ለራሳቸውም አዲስ ነበር።

ችግሩ ሌላ ነው፤ ፕላዝማ አይቆምም። በመስኮቱ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰኮንዶች ይጠብቃል፤ ከዚያም በጣም ጥሩ ብሎ ያመሰግንና ያልፋል። ማን መለሰ? ማንም አልመለሰም። ግማሹ ተማሪ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሰምቶ ወደ አማርኛ እየመለሰ ሳለ ምስጋናው ደርሶለታል። መብራት በሄደ ጊዜም ትምህርቱ አይጠብቅም፤ መብራቱ ሲመለስ ስርጭቱ ሌላ ርእስ ጀምሮ ይገኛል። መምህርቷ ይህን ሲናገሩ ቁጣ የለባቸውም። አንድ ነገር ግን ደጋግመው አንሥተዋል፤ ተማሪው እንዳልገባው ፊቱ ላይ እያነበቡ መስኮቱን ማስቆም አለመቻላቸውን።

በየትኛውም ክፍል ፈጥነው የሚረዱ ጥቂት ተማሪዎች አሉ። እነዚህ በፕላዝማም በራዲዮም በጠመኔም ይማራሉ። ከዚህ ክፍል የሚጎዳው ከኋላ የተቀመጠው፣ ዓይኑ የደከመው፣ ጆሮው የከበደው፣ ቋንቋው ያልገባው ነው። እጇን ማውጣት የምታፍረዋም ልጅ ከነዚሁ ጋር ትቆጠራለች። በእነዚህ ልጆች ዘንድ መሣሪያው ሲፈጥን «እኔ አልችልም» የሚል ሐሳብ ያድራል። በመንዝ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያደረበት ወንድ ልጅ ወደ በጎቹ ይመለሳል። ሴቷማ ለሽማግሌ ትሰጣለች።

አሁን ብርዱን እናንሣ። መምህርቷ በአንድ የ9ኛ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ነበራቸው። ፕላዝማው ሲከፈት ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል ይቆያል፤ ሲዘጋ ግን የያዘው ነገር የለም። እርሳቸው ራሳቸው ሲያስተምሩ በአንዳንድ ቀን ከሁሉ ቀድሞ ይመልሳል፤ በአንዳንድ ቀን ደግሞ ሲጠሩት እንኳ ቀና አይልም። ሌሎች መምህራን እንደ ፈቃዱ የሚሆን ሰነፍ ነው ይሉታል። መምህርቷ ግን ቀኖቹን ይቆጥሩ ጀመር። ልጁ የማይመልሰው ውርጭ በበዛበት ጠዋት ነው፤ ከረፋዱ በኋላ ይመልሳል። መጀመሪያ ቁርስ ሳይበላ ስለሚመጣ ይሆን ብለው ጠረጠሩ። ኋላ ላይ አንድ ቀን ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው ያንኑ ጥያቄ ሲደግሙት ልጁ መለሰ።

ልጁ ሰምቶ አልነበረም የሚማረው፤ ከንፈር እያየ ነበር። በብርድ ቀን መምህሯ አፋቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ ትምህርቱ ይቋረጥበታል። ወደ ሰሌዳው ዞረው እየጻፉ ሲናገሩም እንደዚሁ። ፕላዝማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ሥዕልና ጽሑፍ ነው፤ ድምፁ ከሥዕሉ ጀርባ ይመጣል እንጂ የሚታይ ከንፈር የለውም። አንዳንዴ የአስተማሪው ፊት ቢታይም የሚናገረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለልጁ አይረዳውም። እንግዲህ ያ ሁሉ የተደከመበት ቴክኒክ ለዚህ ልጅ ድምፅ የሌለው ሲኒማ ሆኖበት ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የልጁ እናት ለገበያ ሲወጡ ትምህርት ቤት ብቅ አሉ። መምህርቷ ጠየቋቸው። እናቲቱ ሳያስቡበት መለሱ፤ ልጁ ጨቅላ ሳለ ሁለቱም ጆሮዎቹ ይመግሉ እንደ ነበር፣ ግራው ጨርሶ እንደማይሰማ፣ ቀኙም እንደሚከብደው ነገሯቸው። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም? ማን ጠየቀኝ አሉ። በዘጠኝ ዓመት የትምህርት ዘመን ውስጥ፣ በየዓመቱ ምዝገባ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ዕድሜውንና ቀበሌውን የጠየቀ ነበር፤ ጆሮውን የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ የተደረገው ለውጥ ገንዘብ አልጠየቀም። ልጁ ከፊት፣ ከመስኮቱ ብርሃን በሚመጣበት በኩል ተቀመጠ፤ የመምህሯ ፊት እንዲበራለት። መምህርቷ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ወደ ክፍሉ ዞረው መናገርን ለመዱ። በብርድ ቀን ነጠላው ከትከሻ አይወጣም። ፕላዝማው ሲከፈት ከጎኑ ያለው ተማሪ ዋና ዋናውን ነጥብ በአማርኛ ደብተሩ ላይ ይጽፍለታል። በስርጭቱ መጨረሻ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ደግሞ ለማጠቃለያ መሆናቸው ቀርቶ ለጥያቄ ዋሉ፤ ጥያቄውም የሚጀምረው እጃቸውን ካላወጡት ነው።

ይህ አሠራር በሙያው ቋንቋ አካቶ ትምህርት ይባላል። የአካል ጉዳት ያለበትንም ሆነ ሌላ ድጋፍ የሚያስፈልገውን ልጅ ለይቶ ወደ ሌላ ቦታ ከመላክ ይልቅ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር ማስተማር ማለት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ተማሪዎች ትምህርት እንዲሰጥ አመልክቷል። በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ተዘጋጀ፤ በ2004 ዓ.ም. ተሻሻለ። በመካከሉም በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ወረቀቱ እንግዲህ አለ። የወረቀቱ ጉዞ እስከ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም እስከ ሩቁ ቀበሌ ምን ያህል ፈጣን እንደ ሆነ ግን ያን ልጅ በመጠየቅ ይታወቃል።

ከግሼ ወዲያ፣ በደቡብ ወሎ፣ በአማራ ሳይንት በ1974 ዓ.ም. የተወለዱትን የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት በ5 ዓመታቸው ነው። በሻሸመኔው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ጀምረው፣ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከዓይናሞች ጋር አንድ ክፍል ተምረው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ። በ2010 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ከተሰጣቸው አንዷ ሆነዋል። እርሳቸው በአደባባይ ደጋግመው የተናገሩት አንድ ነገር ለእናቶች ጆሮ የሚከብድ ነው፤ ማየት አለመቻላቸው ያለ ዕድሜ ከመዳር እንዳዳናቸው ይናገራሉ። የአካባቢው ሴት ልጆች በልጅነታቸው ሲዳሩ እርሳቸው አይዳሩምና ለትምህርት ተላኩ። ዓይናማዋ የሰፈራቸው ልጅ የቀረባትን ዕድል እስቲ አስቡት።

ዓይነ ስውር ተማሪ የሚጽፍበት ብሬል የተሠራው በ6 ነጥቦች ነው። ወረቀቱ በሰሌት ውስጥ ይገባና በመውጊያ እየተወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ወደ ላይ ስለሚወጡ ከግራ ወደ ቀኝ በጣት ይነበባል። ይህን ያመጣነው የተማሪው ፍጥነት ምን ያህል ከፕላዝማው ፍጥነት እንደሚለይ እንድታዩት ብለን ነው። ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ካላነበበ፣ ይህ ተማሪ ምን ይጽፋል? «እዚህ ጋ ተመልከቱ» የሚለው የመምህራን አነጋገር ለእርሱ ምንም ማለት አይደለም። መምህርቷ ይህን ቃል ከአፋቸው ለማውጣት አንድ ሙሉ ዓመት እንደ ፈጀባቸው ነግረውናል። አሁን ሥዕሉን በቃል ይናገራሉ፤ «ከልቡ ግራ ክፍል የሚወጣው ወፍራም ደም ሥር» ይላሉ። የሚገርመው ደግሞ ዓይናሞቹም ሥዕሉን በደብተራቸው በትክክል መሥራት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ተሳትፎም እናንሣ። የኛን አገር ክፍል የምታውቁ ትዝ ይላችኋል፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ከፊት ያሉት ጣታቸውን እያጮኹ «እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!» ይላሉ። መምህሩም ጩኸቱን ለማብረድ ከእነዚያ አንዱን ይጠራል። ክፍሉ ንቁ ይመስላል። ነገር ግን ከ60 ተማሪ የተናገሩት አምስት ናቸው። ባለፉት ዓመታት በየትምህርት ቤቱ የተዘረጋው የ1 ለ 5 አደረጃጀት ይህን ያስቀራል ተብሎ ነበር። በበኩላችን ሲሠራ ካየነው እንናገር፤ በብዙ ቦታ ጎበዙ ተማሪ ሥራውን ሁሉ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ሴቶቹ የቡድኑን ደብተር በንጹሕ እጅ ጽሑፍ የሚገለብጡ ጸሐፊዎች ይሆናሉ። ይህ መሳተፍ ከተባለ ወጥ ቤት መዋልም መሳተፍ ነው።

መምህርቷ የሚሠሩበት ዘዴ ቀላል ነው። ጥያቄውን ይጠይቃሉ፤ እጅ ማውጣት ክልክል ነው። ሁሉም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ያስባል። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከጎን ካለው ጋር በአማርኛ ይነጋገራሉ። ቀጥሎ የተማሪዎቹ ቁጥር ከተጻፈባቸው የለስላሳ ቆርኪዎች አንዱን ከጣሳ ያወጣሉ፤ ቁጥሩ የደረሰው ተማሪ ጓደኛው የነገረውን ይናገራል። የራሱን ሐሳብ አይደለም፤ የጓደኛውን። ስለዚህ የምታፍረዋ ልጅ ብትሳሳትም ስሕተቱ የእርሷ አይሆንም፤ ለመናገር ግን ትናገራለች፤ ለመናገርም ጓደኛዋን ማዳመጥ ግድ ይላታል። በመጀመሪያው ወር ድምፃቸው የማይሰማ ልጃገረዶች በኋላ ቆርኪው እስኪወጣ የሚቸኩሉ ሆነዋል። የጊዜው ነገር ያሳስባል፤ እንዲህ ሲሠራ ምዕራፎቹ አያልቁም። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ስንት ገጽ ደረሳችሁ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ስንት ልጅ ተናገረ ብሎ አይጠይቅም።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤታቸው ዋሉ። ትምህርት በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ጥረት ተደረገ። ከተማ ያላችሁ ልጆቻችሁን በስልካችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ያስተማራችሁበት ጊዜ ነው፤ ስልኩ አንድ፣ ልጆቹ ሦስት ሆነውባችሁ የተቸገራችሁም ብዙ ናችሁ። በገጠር ግን ስልኩ ቢኖር መብራቱ፣ መብራቱ ቢኖር ኔትዎርኩ የለም። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ሲደርስ የመንዝ ትምህርት ቤቶች እንደገና ተዘጉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ደግሞ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራ አቋርጠዋል፤ የኢንተርኔት አገልግሎትም ለወራት ጠፍቶ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ዓመት የተቋረጠ ልጅ ሁለተኛ ለመመለስ ይከብደዋል፤ የዓይን ወይም የጆሮ ችግር ያለበት ደግሞ እጥፍ ይከብደዋል።

እናቶች፣ እዚህ ላይ በቤታችሁ የምትሠሩትን እናስታውሳችሁ። ልጁ መጽሐፉን ከአፍንጫው አስጠግቶ ካነበበ፣ ሩቅ ሲያይ ዓይኑን ካጨነቆረ፣ ከሰሌዳ ሳይሆን ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ከሆነ ዓይኑን አስመርምሩ። ከጀርባው ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ስሙን ጥሩት። ዞር ካላለ፣ ሲያዳምጥ ሁልጊዜ አንድ ወገኑን ካዘነበለ፣ ራዲዮውን ያለ ልክ ከፍ የሚያደርግ ከሆነ ጆሮውን አስመርምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው መከላከል ከሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው። የጆሮ መምገል ከነዚህ አንዱ ነው፤ ዘይትም ቅቤም ሳይጨምሩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። በአማራ ክልል በስፋት የሚገኘው የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ፣ በልጅነት ተደጋግሞ ሲይዝ ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይንን ያጠፋል። ከወንዶች ይልቅ የሚጠቃው እናት ነች፤ ከልጇ ስለሚጋባባት። የልጅን ፊት በየቀኑ ማጠብ ትልቁ መከላከያ ነው።

በምዝገባ ቀን ደግሞ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ልጄ በዚህ ጆሮው አይሰማም፣ በዚህ ዓይኑ አያይም፣ ሲናደድ ይንተባተባል በሉ። ያፈራችሁ እንደ ሆነ ብቻችሁን ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋር ተነጋገሩ። ልጁ ተለይቶ ወደ ኋላ ወንበር እንዲጣል አይደለም የምትናገሩት፤ ከፊት እንዲቀመጥ ነው።

ከእናንተ መካከል የትውልድ ቦታችሁ መንዝ፣ ግሼ ወይም መርሐ ቤቴ የሆነ ብዙዎች ናችሁ። ለበዓል አገራችሁ ስትሄዱ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ መሄዳችሁ መልካም ነው። መምህርቷን ግን ምን ቢመጣላችሁ ትወዳላችሁ ብለን ስንጠይቃቸው ኮምፒውተር ይሉናል ብለን ጠብቀን ነበር። የጠየቁት ሚሞሪ ካርድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህርቷ ማታ ማታ፣ ቤታቸው ጸጥ ሲል፣ የነገውን ትምህርት በእጅ ስልካቸው ላይ በድምፅ ይቀርጹታል። ቋንቋው አማርኛ ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል በየቦታው እየተጠራና እየተተረጎመ ይገባል። እያንዳንዱ ቅጂ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። ቅጂውን ወደ ሚሞሪ ካርድ ይገለብጡታል። በመንዝ እረኛው ሁሉ የሚይዛት፣ ካርድ የምታጫውት ትንሽ ራዲዮ አለች፤ በፀሐይ ኃይልም ትሞላለች። ዓይኗ የደከመው ተማሪ ከመጽሐፉ ፊደል ጋር ስትታገል ማምሸቷ ቀርቶ ታዳምጣለች። ለአጨዳ የቀረው ልጅ አውድማ ላይ ሆኖ ያዳምጣል። ስንቅ ሊያመጣ የሄደው በመንገዱ ያዳምጣል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ሳተላይትም አያስፈልግም። ከሁሉም በላይ ያልገባው ልጅ ያቆመዋል፤ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ እንደገና ያዳምጠዋል። ጆሮው ለከበደው ለዚያ ተማሪ ደግሞ ይኸው ትምህርት በወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል፤ የሚጽፈውም ጎረቤቱ ነው፣ ከካርዱ እየሰማ። ለጎረቤቱም ከማንኛውም ጥናት የበለጠ ጥናት ሆኖለታል።

ካነጋገርናቸው ጊዜ የነበሯቸው ካርዶች አሥራ አንድ ነበሩ። ተራ የሚይዙት ተማሪዎች ዝርዝር በክፍሉ በር ጀርባ ላይ ተለጥፏል። አንዱ ካርድ ከወር በላይ ሳይመለስ ቆይቶ ነበር፤ ሲጣራ አንዲት ተማሪ ቤቷ ወስዳዋለች። እናቷ ጠጉር እየፈተሉ የደም ዝውውርን ሦስት ጊዜ ሰምተውት፣ አራተኛውን ሳይጨርሱ አልመልስም ብለው ነው።